አይቴሉን አትሽጠው፣ ጠበቃም አትሁንለት

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ። የምሠራበት ታብሌት አይቴል ነው። 10 ኢንች ነው፣ ሲም ይወስዳል፣ ባትሪው 6000 ነው። ቆጥቤ በራሴ ብር ስለገዛሁት እወደዋለሁ። ጓደኞቼ ግን ሙድ ይይዙብኛል። ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብለን ስንጫወት ‹እስኪ ቻይናህን አውጣት› ይሉኛል። አንዱ የቅርብ ጓደኛዬም አስጠኚ ነው፣ እሱ የያዘው አይፓድ ነው። በቀደም ሁለታችንም በምናስጠናበት ቤት የልጁ እናት ‹አንተስ እንደሱ ዓይነት ብትይዝ አይሻልም?› አሉኝ። ደሜ ፈላ። የእኔ ከአይፓድ እንደሚበልጥ፣ ራሙ 8 ጂቢ እንደሆነ፣ አይፓድ ስም ብቻ እንደሆነ ስናገር ጓደኛዬ ሳቀብኝ። እዚያው ተጋጨን፣ እስካሁንም አንነጋገርም። አሁን ዕቁብ ደርሶኛል። ያሰብኩት ለተማሪዎቼ መለማመጃ ጥያቄ የማትምበት ፕሪንተር ልገዛበት ነበር። አሁን ግን ታብሌቱን ሸጬ፣ ከዕቁቡ ጨምሬበት ያገለገለ አይፓድ ልግዛ ወይ እያልኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው ፊት ሳወጣው ማፈር ጀምሬያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ባለ አይቴሉ፣ ከአቶቴ»

ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ታብሌቱን አትሽጠው። ዕቁቡም ለታሰበለት ለፕሪንተሩ ይሁን። ለጓደኛህ ግን አንተ ቀድመህ ደውል። ታብሌትህ የሚከራከርለት ሰው ቢያገኝ አይበዛበትም። አንተ የተከራከርክለት መንገድ ግን ጭራሽ አስፈረደበት።

ከ«ቻይናህን አውጣት» እንጀምር። የጓደኛህ አይፓድስ የት የተገጣጠመ መሰላቸው? ጀርባውን ገልብጦ ትንንሾቹን ፊደሎች ያንብብላቸው። አብዛኛው አይፓድ ካሊፎርኒያ ተነድፎ ቻይና ነው የሚገጣጠመው። የሚገርመው ነገር ደግሞ፣ አይቴልን ቻይና ውስጥ ብትጠይቅ የሚያውቀው ሰው ብዙም አታገኝም። አይቴል፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ትራንሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ቻይና፣ ሼንዘን ነው። እዚያው አገሩ ላይ ከትልልቆቹ ጋር ከመጋፋት ይልቅ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። እኛ የምንቸገርበትን ነገር አጠና። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ አመጣ። ቻርጁ ቶሎ የማያልቅ ስልክ አመጣ። ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ አስተካከለ። የአማርኛ ኪቦርድ ያለው ስልክ ቀድመው ካቀረቡት አንዱም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ገባ። አፍሪካ ውስጥ በስልክ ብዛት የሚስተካከለው የለም።

ይህን የምነግርህ ፍቅር ሐይቅ ይዘኸው ሄደህ እንድታነበንብላቸው አይደለም። አንተ ራስህ እንድታውቀው ነው። የያዝከው ዕቃ የአይፓድ ቅጂ ሆኖ ያልተሳካለት አይደለም። ኪሱ ውስን ለሆነና መብራት ለሚጠፋበት ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ርካሽ መሆኑ የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

አሁን ሥራህን እንይ። የማስጠናት ሥራ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ወደ ማታ ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይለቀቅላችኋል። ልጁ የሒሳብ መጽሐፉን ትምህርት ቤት ረስቶ መጥቷል። አንተ ፒዲኤፉን ትከፍታለህ። ገጹን በሁለት ጣት ታሰፋለህ፣ ጥያቄውን ታሳየዋለህ፣ ደብተሩ ላይ ይሠራል። መሐል ላይ መብራት ይጠፋል። የቤቱ ዋይፋይም አብሮ ይሄዳል። አንተ ግን ሲምህ እዚያው ታብሌቱ ውስጥ ነው፤ ጥቅል ካለህ ቪዲዮውን ትቀጥላለህ። የሚቀጥለው ተማሪ እናት ቢደውሉልህም በዚያው ታነሳለህ። ፋይሉ ከበዛብህ ሚሞሪ ካርድ ትጨምራለህ።

ያንኑ ቤት ያገለገለ አይፓድ ይዘህ ግባ እንበል። ገበያ ላይ በርከስ ያለው ብዙ ጊዜ ዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ነው፤ ሲም አይወስድም። መብራት ሲጠፋ የስልክህን ሆትስፖት ትከፍታለህ። ስልክህ በዚያው ቻርጁን ይጨርሳል። ሲም የሚወስደውን ብታገኝ እንኳ እንደ ስልክ በመደበኛ ጥሪ አይደወልበትም። ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ በየትኛውም አይፓድ ላይ የለም። እንግዲህ ለአንተ ሥራ፣ በአንተ ከተማ፣ የትኛው ይቀላል? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን እናትየው ፊት የተናገርከውን ልደግፍልህ አልችልም። «ከአይፓድ ይበልጣል» አልክ። በምን? በፍጥነት አይበልጥም፣ አይጠጋውምም። በስክሪን ጥራት አይበልጥም። ፀሐይ ላይ ሐይቁ ዳር አውጥተህ ሞክረኸው ከሆነ ታውቀዋለህ፤ ፊትህን ነው የምታይበት። በአፕዴትም አይበልጥም። አፕል አንድን አይፓድ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በላይ አዲስ ሶፍትዌር ይሰጠዋል። በዚህ ዋጋ የሚሸጡ የአንድሮይድ ታብሌቶች ግን፣ የማንም ይሁኑ የማን፣ አብዛኞቹ ይዘውት የመጡትን ይዘው ነው የሚያረጁት። ልሽጠው ብትልም የአይፓድን ያህል ዋጋውን አይጠብቅም። ይህን ሁሉ ጓደኛህ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የሳቀው።

ራሙ፣ ማለትም ታብሌቱ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ፈጣን ማስታወሻ፣ ደግሞ 8 አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስለ ታብሌቱ የሚለውን ክፈት። 4+4 የሚል ነገር ካየህ፣ እውነተኛው ራም የመጀመሪያው 4 ነው። ሁለተኛው 4 ፋይል ከሚቀመጥበት ከስቶሬጁ ላይ የተበደረ ነው። ስቶሬጅ ደግሞ ከራም በጣም ይዘገያል፤ ስለዚህ ሁለቱን ደምረህ 8 ማለት አትችልም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ድምሩ ነው። የማስታወቂያውን ቁጥር ይዞ ክርክር ውስጥ የገባ ሰው፣ ሌላው የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም አይታመንም። እንዲያውም ያን ቀን «አዎ ይዘገያል፣ ግን ሲም አለው፣ መብራት ሲጠፋም አያስቆመኝም» ብትል ኖሮ ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ዓይነት ታብሌት ግን አለ ልከላከልለት የማልፈልገው። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የሌለው ወይም የታዋቂ ብራንድ ስም በአንድ ፊደል ተለውጦ የተጻፈበት፣ «16 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ» የሚለው። እሱ ሌላ ነገር ነው። ከአይቴል ጋር አንድ ላይ የሚደበልቁት ሰዎች ናቸው የአይቴልን ስም ያጠፉት። የአንተን ማረጋገጥ ከፈለግክ ፕሌይ ስቶር ክፈት፣ ሴቲንግ ውስጥ ግባ፣ ዲቫይሱ ሰርቲፋይድ መሆኑን ያሳይሃል። ሰርቲፋይድ ካለ ጉግል የሚያውቀው ዕቃ ነው።

በታብሌት ታሪክ ውስጥ ያልታደሉ ብራንዶች ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን ተበድለው አይደለም የወደቁት። ኤች ፒ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐምሌ ላይ ተችፓድ የሚባል ታብሌት አወጣ። ዋጋው ከ499 ዶላር ይጀምር ነበር። 49 ቀን እንኳ አልዘለቀም፣ ኩባንያው ራሱ ማምረቱን አቆመ። የቀረውን በ99 ዶላር ሲቸበችበው ሕዝቡ ተሻምቶ ጨረሰው። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ ሶፍትዌሩን ዛሬም የሚያመሰግኑት አሉ። የጎደለው አፕ ነበር። የገዛው ሰው የሚፈልገውን አፕ ፈልጎ አጣ። ያንተ አይቴል ይህ ችግር የለበትም። አንድሮይድ ነው። ቴሌግራሙ፣ ቴሌብሩ፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያው፣ ካልኩሌተሩ ውድ የሆነው ሳምሰንግ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ፍጥነቱ እንጂ አፑ አይለይም።

ትልቅ የሚባለው ሁሉ ሁሌ ልክ ነው ማለትም አይደለም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ባለ 7 ኢንች ታብሌቶችን ገና ሳይወለዱ የሞቱ ናቸው ብሎ አጣጥሏቸው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እሱ ካረፈ በኋላ፣ አፕል ራሱ 7.9 ኢንች የሆነውን አይፓድ ሚኒ አወጣ። ይቺን ለጓደኞችህ ብትነግራቸው አልቃወምም፤ ለጨዋታ ትሆናለች።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የተማሪህ እናት። እሳቸው ስለ ራም የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ስለ ብራንድም ግድ የላቸው ይሆናል። አንድ ነገር ግን አይተዋል፤ ጓደኛህ ታብሌቱን ሲያወጣ ነገሩ ሁሉ ሥርዓት ይዟል፣ አንተ ስታወጣ አልያዘም። አልዋሽህም፣ ወላጅ በዓይኑም ይመዝናል። ገንዘብ ከፍሎ ልጁን ያስረከበ ሰው ነው። ስለዚህ ያንን አስተካክል፤ አይፓድ አያስፈልገውም። ስክሪን ፕሮቴክተሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ቀይረው። በባጃጅ ስትዞር አቧራው የት እንደሚገባ ታውቃለህ፤ ስክሪኑን ከመግባትህ በፊት በጨርቅ ጥረገው። ጥቁር ወይም ቡናማ፣ የሚታጠፍና ጠረጴዛ ላይ የሚያቆመው ኮቨር ግዛለት። ለሞዴሉ የተሠራ ካጣህ ለ10 ኢንች የሚሆን ሁለንተናዊ ኮቨር አለ።

ከዚያ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር። ታብሌቱን ስታበራ ያለፈው ሌሊት የእግር ኳስ ቪዲዮ ብቅ አይበል። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ ፎልደር ክፈት። መጽሐፉ፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች፣ የሠራቸው ጥያቄዎች ፎቶ እዚያ ይቀመጡ። በወሩ መጨረሻ እናትየውን አስቀምጠህ «ባለፈው ወር ይህንን አምስት ጊዜ ተሳስቶ ነበር፣ አሁን ይኸው» ብለህ አሳያቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ልጁ ስክሪን ላይ ጥያቄ አንብቦ መልስ መምረጥ እንዲለምድ ሰዓት ይዘህ አለማምደው። ይህን ስታደርግ ያዩ እናት የታብሌቱን ስም አይጠይቁህም። ከጠየቁህም «አይቴል ነው፣ እኔን አገልግሎኛል» በቃ። ሌላ ቃል አትጨምር።

አንድ ነገር ላይ ግን ጓደኛህ ካንተ ይሻላል፣ እሱንም ልሸሽግህ አልችልም። ሒሳብ ነው የምታስጠናው። ሒሳብ ደግሞ በእጅ ይጻፋል። አንተ ታብሌት ላይ በጣት ወይም ጫፉ ጎማ በሆነው ርካሽ ብዕር ስትጽፍ መስመሩ ይወላገዳል፤ መዳፍህ ስክሪኑን ሲነካም ሌላ ጭረት ይሠራል። የአይፓዱ ብዕር፣ አፕል ፔንስል፣ ይህ ችግር የለበትም። ታዲያ መፍትሔው አይፓድ ነው? ለጊዜው አይደለም። ደብተር የሚያህል ነጭ ሰሌዳና ሁለት ማርከር ይበቃሃል። ጥያቄው ታብሌቱ ላይ፣ ስሌቱ ሰሌዳው ላይ። እንዲያውም ልጁ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ የት እንደሳተ ቶሎ ታያለህ። አንድ ቀን በኦንላይን ማስጠናት ከጀመርክ ግን እውነተኛ ብዕር ያለው ታብሌት ያስፈልግሃል። ያኔም ከአይፓድ ሌላ አማራጭ አለ፤ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ 6 ላይት ብዕሩ ለብቻው አይሸጥም፣ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል።

«አይ፣ የእኔ ልብ አይፓድ ላይ ነው» ካልክ ደግሞ ዓይንህን ገልጠህ ግባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርቡልህ የቆዩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፓድ ኤር 2 የአይፓድ ሶፍትዌር በሆነው በአይፓድ ኦኤስ 15 ላይ ቆሟል። የ2017ቱ አምስተኛው ትውልድ በ16፣ የ2018ቱ ስድስተኛው ትውልድ በ17። ከዚያ በላይ አይሄዱም፤ ቀስ በቀስ አዳዲስ አፖችም እምቢ ይሏቸዋል። አፕል ፔንስል ያልኩህ ደግሞ ኤር 2 እና አምስተኛው ትውልድ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ሌላው የሚሠራለትም ቢሆን ብዕሩን ለብቻው ትገዛለህ። ባትሪውንም እንደ አይፎን በመቶኛ ልታየው አትችልም፤ ያንን የሚያሳዩት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የወጡት ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ከፍተህ ቻርጁ ምን ያህል እንደወረደ እይ።

ከሁሉ በላይ ግን መቆለፊያውን ጠንቀቅ በል። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንቱን ሳያወጣ የሸጠው አይፓድ፣ አንተ ስታጸዳው የእሱን የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። ከሌለህ ጣባ ነው የገዛኸው። ሻጩ ፊትህ አካውንቱን ያውጣ፣ ሁሉንም ያጥፋው፣ ከዚያ እንደ አዲስ ተከፍቶ የአፖቹ ገጽ ላይ እስኪደርስ አብረህ ጠብቅ። «ቤት ሄደህ ትጨርሰዋለህ» ካለህ ብርህን ይዘህ ተመለስ። ፒያሳ ይሁን መናኸሪያ አካባቢ፣ ሕጉ አንድ ነው።

እስኪ አስበው። የሚሠራ ታብሌትህን በወረደ ዋጋ ትሸጣለህ። የዕቁቡን ብር ትጨምርበታለህ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ላይ እንደደረሰ ታውቀዋለህ። ያን ሁሉ ከፍለህ ሲም የሌለው፣ ብዕር የሌለው፣ አፕዴቱ የቆመ አሮጌ አይፓድ ይዘህ ፍቅር ሐይቅ ትሄዳለህ። ጓደኞችህ ታዲያ ምን የሚሉህ ይመስልሃል? «ይሄ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ስለ ጓደኛህ ብዙ አልልም። ሰው ቤት፣ አሠሪያችሁ ፊት ዕቃውን «ስም ብቻ» አልክበት። እሱም ሳቀብህ። እኩል ናችሁ። ግን ሁለታችሁም አንድ ቤት ታስጠናላችሁ፣ አንዱ ለሌላው ተማሪ ያገናኛል፤ ይህን መንገድ በታብሌት ምክንያት መዝጋት ኪሳራ ነው። ደውልለትና «ያን ቀን ስለ ራሙ ተሳስቼ ነበር» በለው። ይቺን ስትሰማ ሰው ከመሳቅ ሌላ ምን ያደርጋል? ከዚያ «ቻይናህን አውጣት» ሲመጣ አብረህ ሳቅ፣ አውጣው፣ ተማሪ ከደወለልህም እዚያው እነሱ ፊት በታብሌቱ አንሳው።

ታብሌቱን የምትቀይርበት ጊዜ ይመጣል። የምታስጠናበት አፕ አልከፈት ካለ፣ ባትሪው አንድ ከሰዓት በኋላ መዝለቅ ካቃተው፣ ወይም የኦንላይን ትምህርት ከጀመርክ፣ ያኔ ቀይር። ሰው ስላሾፈ ግን አይቀየርም።

ፕሪንተሩን በተመለከተ፣ ካርትሬጅ የሚጠይቀውን ተወው። ሲገዛ ይረክሳል፣ ቀለሙ ግን ያስለቅስሃል። ቀለም በጠርሙስ የሚሞላበትን ባለ ታንኩን ፈልግ፤ መጀመሪያ ወደድ ቢልም በገጽ ሲሰላ እጅግ ይረክሳል። አንተ ደግሞ በሳምንት ብዙ የጥያቄ ወረቀት ነው የምታትመው። ከመግዛትህ በፊት ቀለሙ እዚያው ሐዋሳ መገኘቱን ጠይቅ፤ ዋይፋይ ያለውን ምረጥና ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ውስጥ ከአይቴልህ አንድ ገጽ አትመህ እየው።